አዲስ ኩሬም እንደ ምጣድ ይሟሻል፦ በግቢ ውስጥ ስለሚሠራ የኮንክሪት የዓሣ ኩሬ

«የሌማት ትሩፋት» የሚለው ቃል በየዜናው መሰማት ከጀመረ ወዲህ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስባል። አንዱ የዶሮ ቤት፣ ሌላው የንብ ቀፎ፣ ሌላው ዓሣ። በተለይ በአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታ በኩል ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ ኮንክሪት አስሞልቼ፣ ውኃ ሞልቼ ዓሣ ብጨምርበትስ?»

ይቻላል። ግን ከቁፋሮው አንስቶ ዓሣ እስከመጨመር ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚከስረው ይህንን ጊዜ ለማሳጠር ሲሞክር ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያ ኩሬዬ ተለስኖ ባለቀ በስድስተኛው ቀን ሃያ የዓሣ ጫጩት ጨመርኩበት። ማታ ሲዋኙ አየኋቸው። ጠዋት የቡና ስኒዬን ይዤ ስወጣ ሃያዎቹም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ግንበኛው ምንም አላጠፋም። ኩሬው ጠብታ አያፈስም ነበር። ያልተሠራው ውኃው ነው።

ኮንክሪት ዓሣን እንዴት ይገድላል?

ሲሚንቶ «ይደርቃል» እንላለን እንጂ አይደርቅም። ከውኃ ጋር ተዋህዶ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ያ ለውጥ ነው ድንጋይ የሚያደርገው። በዚያው ሂደት ግን ሌላም ነገር ይፈጠራል፤ ኖራ። ሲሚንቶ ሲያቦኩ የዋሉ ሠራተኞች እጃቸው የሚሰነጣጠቀውና የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ኩሬ ውስጥ ውኃ ስትሞሉ ይህ ኖራ ከግድግዳውና ከወለሉ ቀስ እያለ ይሟሟል።

የአንድን ውኃ ጠባይ ለመለካት ፒኤች የሚባል መለኪያ አለ። ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። መሐሉ፣ 7፣ ወደየትም ያላዘነበለ ነው። ከ7 በታች ሎሚና አቼቶ ያሉበት የአሲድ ወገን ነው። ከ7 በላይ ደግሞ አመድና ኖራ ያሉበት ወገን። ዓሣ የሚመቸው ከ6.5 እስከ 9 ባለው መካከል ነው። ትኩስ ኮንክሪት ውስጥ ያለው እርጥበት ግን ከ12 በላይ ነው።

«ከ8 ወደ 11 ሦስት ቁጥር ብቻ አይደል?» እንዳትሉ። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ነው። ሦስት ቁጥር ማለት አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው። ስንጥብ ደግሞ ከሳምባችን ውስጠኛ ቆዳ የማይተናነስ ስስ ነገር ነው። በኖራ ውኃ ውስጥ ስንጥቡ ይቃጠላል። ዓሣው በውኃ መሐል ሆኖ ይታፈናል።

የሚያታልለው ነገር ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ ነው። ኖራው አይታይም። የእኔ ኩሬ በዚያች ጠዋት ታሽጎ ከሚሸጥ ውኃ የማይተናነስ የጠራ ነበር።

ታዲያ እንዴት ይሟሻል?

አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ አምጥቶ በዚያው ቀን እንጀራ የሚጋግር የለም። መጀመሪያ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ አለዚያ ሊጡ ይጣበቃል። ኩሬም እንደዚያው ነው። ማሟሻው ግን የጎመን ዘር ሳይሆን ውኃና ትዕግሥት ነው።

ኮንክሪቱ መጀመሪያ አራት ሳምንት ይቆይ። ለምን አራት ሳምንት? ኮንክሪት የሚፈለግበትን ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ስለሆነ ነው። ከዚያ እስከ አፉ ሙሉት። አንድ ሳምንት ይቀመጥ። አፍስሱት፣ በጠንካራ ብሩሽ ግድግዳውን ፈትጉት፣ እንደገና ሙሉት። ይህንን ሦስት ጊዜ አድርጉት። ከሁለተኛው በኋላ ባዶውን ግድግዳ በውኃ በቀጠነ አቼቶ መፈተግ ይረዳል፤ አሲዱ ላይ ላዩን ያለውን ኖራ ይበላዋል። ከዚያ በደንብ ይታጠብ።

የመጨረሻውን ውኃ ሁለት ሦስት ቀን ካሳደራችሁ በኋላ በፒኤች ወረቀት ለኩት። ወረቀቷ ትንሽ ቁራጭ ነች። ውኃ ውስጥ ነከር ታደርጓትና ቀለሟን ከማሸጊያው ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ታስተያያላችሁ። ከ9 በላይ ካሳየች አንድ ዙር ቀርቷል ማለት ነው። በዓይን፣ በማሽተት ወይም በ«እንዲህ ይመስለኛል» አይለካም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት አለ። ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 2፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 6,000 ሊትር ይይዛል። በሃያ ሊትር ጀሪካን 300 ጀሪካን ነው። ሦስት ጊዜ መሙላት ማለት 900 ጀሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ፣ የሚፈሰውን ውኃ አለመጣል ነው። ለአትክልት አይሆንም፤ ግንባታ ላይ ላለ ጎረቤት ግን ለቡኮ ይሆናል። ሌላው፣ ግድግዳውን ለመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ተብሎ በተሠራ መቀቢያ መሸፈን ነው። ኖራውን ከውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል። «ለመጠጥ ውኃ» የሚለውን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ተራ የቤት ቀለም ራሱ ዓሣን ሊገድል ይችላል።

ግንባታው ላይ ምን ይበላሻል?

ከሁሉ በፊት አፈሩ። በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ቦታ ላይ ያለው መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነው። መረሬ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። በመረሬ ላይ የተሠራ የግቢ አጥር ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። 6,000 ሊትር ውኃ ደግሞ ስድስት ቶን ነው።

ስለዚህ መረሬ ከሆነ ከወለሉ ሥር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተጨማሪ ይቆፈር። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ገረጋንቲ ይግባ፤ በሁለት በሦስት ንብርብር፣ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ። ይህንን ወጪ መዝለል የሚፈልግ ሰው ኮንክሪቱን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ቀጥሎ ግድግዳው። ብዙ ግንበኛ ብሎኬት ደርድሮ ለመለሰን ይቸኩላል። ርካሽ ስለሆነ። ብሎኬት ክፍት ሆድ ነው፤ የውኃን ግፊት ከውስጥ፣ የአፈርን ግፊት ከውጭ እንዲችል አልተሠራም። ልስኑ በአንዲት ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውኃ ያስገባና ብሎኬቱ ራሱ ይሞላል። ከዚያ ውኃው በየት እንደሚወጣ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። የሚሻለው በፌሮ የተያዘ ኮንክሪት ነው። ለዚህ መጠን ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ፌሮው ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በአግድምም በቁልቁልም የታሰረ ይበቃል። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። ሒሳቡ ወደ ሦስት ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት፣ ለኮንክሪቱ ብቻ ከ10 እስከ 11 ኩንታል ሲሚንቶ ይመጣል። ዋጋውን አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው ነገ ያሳፍረኛል።

የሚያፈሱ ኩሬዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሱት ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት ነው። የወለሉ ፌሮ ታጥፎ ወደ ግድግዳው መውጣት አለበት። ከተቻለ ወለሉም ግድግዳውም በአንድ ቀን ይሞላ። ውስጠኛው ጥግ ሹል ሳይሆን እንደ ድስት ውስጥ ዘወር ያለ ይሁን። ሹል ጥግ ይሰነጠቃል፤ ቆሻሻም ይሰበስባል። ከላይ ውኃ የሚከለክል ዱቄት የገባበት ልስን፣ በላዩ ሊሾ።

አሁን ደግሞ በጣም የሚናቀው ሥራ፤ ውኃ ማጠጣት። ኮንክሪት የሚጠነክረው በውኃ ነው ብያለሁ። ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ከቀሙት ለውጡ በመሐል ይቆማል። ያኔ እውነትም «ይደርቃል»፤ ደካማ ሆኖ። ጆንያ አርጥባችሁ አልብሱት፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጠጡት። ቢያንስ ሰባት ቀን። እኔ ዘንድ የነበረው ግንበኛ በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ሆኗል፤ ለምን ይደክማሉ?» ብሎኝ ነበር። ድምፁ እውነትም ድንጋይ ይመስላል። ጥንካሬው ግን ገና ግማሹን አልተሻገረም።

መፋሰሻውን ቀድማችሁ አስቡ። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ያዘንብል። እዚያ ጥግ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቀበር። ከዚያ ቧንቧ አፍ ላይ ሌላ ቧንቧ አቁሙበት፤ ቁመቱ ውኃው እንዲደርስ በምትፈልጉት ልክ ይሁን። ውኃው ከዚያ በላይ ሲመጣ በቧንቧው አናት ገብቶ በራሱ ይወጣል። ኩሬውን ባዶ ማድረግ ስትፈልጉ የቆመውን ቧንቧ መንቀል ነው። ፓምፕ የለ፣ ባልዲ የለ። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ እናንተ ተኝታችሁ እሱ ይሠራል።

የኩሬው ከንፈር ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ጎርፍ ጭቃ ይዞ እንዳይገባ። የቆርቆሮ ጣሪያ ውኃም አታስገቡበት፣ በተለይ ጣሪያው አዲስ ከሆነ። ቆርቆሮ የተለበጠበት ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥርም ይራቅ፤ ቅጠሉ ረግፎ ውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል፣ ጭማቂውም አይበጅም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በክረምት መሐል ኩሬውን ባዶ አታድርጉት። ውኃ የጠጣው አፈር ከውጭ ይገፋል፤ ከውስጥ መልሶ የሚገፋው ውኃ ከሌለ ግድግዳው ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል።

ውኃው እየቀነሰ ነው፤ ያፈሳል ወይስ ይተናል?

ግንበኛና ባለቤት የሚጣሉበት ጥያቄ ነው። በበጋ ፀሐይ ከኩሬው ፊት በቀን አራት አምስት ሚሊ ሜትር ሊተን ይችላል። በስድስት ሜትር ካሬ ላይ ከ24 እስከ 30 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ጀሪካን ተኩል ድረስ።

ለመለየት ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን ውኃ ሞልታችሁ፣ ድንጋይ ከታቹ አድርጋችሁ ኩሬው ውስጥ አቁሙት። አፉ ከኩሬው ውኃ በላይ ይሁን። በባልዲው ውስጥ ውኃው ያለበትን፣ በኩሬው ግድግዳ ላይም ውኃው ያለበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከሁለት ቀን በኋላ እዩ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ የፀሐይ ሥራ ነው። ኩሬው ከባልዲው ይልቅ ከወረደ ግንበኛውን ጥሩ።

ኖራው ወጥቷል፣ ውኃው ጠርቷል፤ አሁንስ ዓሣ ልጨምር?

ገና ነው። ቅድሚያ ክሎሪኑ። የቧንቧ ውኃ የሚታከምበት ክሎሪን ለእኛ ደኅና ነው፤ ለዓሣ ስንጥብ ግን አይሆንም። ደግነቱ ክፍት ኩሬ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ይበራል። የጉድጓድ ውኃ ክሎሪን የለውም፤ ግን ከመሬት ሥር ሲወጣ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው። ከፍ ካለ ቦታ እየተረጨ ይውረድ፣ አንድ ሁለት ቀንም ይደር።

ከዚያ ትልቁ ጉዳይ ይመጣል። ዓሣ ሽንት ቤት የለውም። የሚኖርበት፣ የሚተነፍሰውና የሚጸዳዳበት ያው አንድ ውኃ ነው። ከዓሣው አካል፣ በተለይም በስንጥቡ በኩል፣ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ መርዛማነቱ ይብሳል። ኖራና አሞኒያ ተመካክረው የሚሠሩ ይመስላሉ።

በወንዝና በሐይቅ ይህንን የሚያጸዱ ደቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ ባክቴሪያዎች። አንደኛው ቡድን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ቡድን ናይትራይቱን ተቀብሎ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት እምብዛም አይጎዳም፤ እንዲያውም ለአትክልት ማዳበሪያ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠር፣ በድንጋይና በግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። አዲስ ኩሬ ውስጥ ግን የሉም።

እንግዲህ እርሾ ያስፈልጋል። እንጀራ ለማቡካት ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ እንደምንጠቀመው፣ ዓሣ በደኅና ከሚኖርበት ሌላ ኩሬ አንድ ባልዲ ጠጠር ከነእርጥበቱ አምጥታችሁ ጨምሩ። ደርቆ ከመጣ እርሾው ሞቷል። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓሣ ብቻ ጨምሩ። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት አሞኒያ ያስፈልጋቸዋል፤ ግን ትንሽ ትንሽ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይበዛሉ። በብርድ ጊዜ ከዚያም ይዘገያል። ያኔ ሌሎቹን ዓሣዎች በሁለት በሦስት ዙር አስገቡ።

ኩሬውን አንድ ጊዜ ካስለመዳችሁት በኋላ ውኃውን ሙሉ በሙሉ እየደፉ «ማጽዳት» እርሾውን መድፋት ነው። በሳምንት ከአሥር አንድ እጁን፣ ቢበዛ ከአምስት አንድ እጁን ብቻ ቀይሩ። የሚወጣው ውኃ ለጎመንና ለቆስጣ ነው። የእኔ ቆስጣ ከኩሬው በኋላ ሌላ ቆስጣ ሆኗል።

ለአዲስ አበባ ብርድ የትኛው ዓሣ ይሆናል?

ምግብ ቤት የምናውቀው ቆሮሶ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና የጣና ዓሣ። ስለዚህ ሁሉም ቆሮሶ ይፈልጋል። ችግሩ ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ መሆኑ ነው። ደስ የሚለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ውኃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል። ወደ 10 እና 12 ሲጠጋ ይሞታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ በተለይ ውርጭ በሚመታው በሱሉልታ በኩል፣ ይህ ሩቅ ቁጥር አይደለም። አምባዛም ሙቀት ይወዳል፤ ግን ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ከቆሮሶ ይበልጥ ይችላል። ብርዱን በደንብ የሚችለው ካርፕ ነው። ለዓይን ብቻ ከሆነ ወርቃማው ዓሣና ባለ ቀለሙ የካርፕ ዘር ለዚህ አየር ተስማሚ ናቸው።

ጥልቀት ለምን አንድ ሜትር አልኩ? ጥልቀት የሌለው ውኃ ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ድስትና ትልቅ በርሜል አስቡ። ብዙ ውኃ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ቆሮሶ ይሁን ብላችሁ ከቆረጣችሁ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ፕላስቲክ ማታ ማታ በኩሬው ላይ መዘርጋት ለውጥ ያመጣል። ቢሆንም እንደ ሐዋሳ እንዲያድግ አትጠብቁ። እዚያ በወራት የሚደርሰው እዚህ ከዓመት ያልፋል።

አንድ ወዳጄ «ብርድ የሚወድ ዓሣ ካለ ለምን ትራውት አይሆንም?» አለኝ። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የለመደ ዓሣ ነው፤ እውነት ብርድ ይወዳል። ግን የሚወደው እየተንፏፏ የሚሄድ፣ ኦክስጅን የሞላበት ወንዝ ነው። የጓሮ ኩሬ ለሱ እስር ቤት ነው።

ጫጩት ከየት ይገኛል ለሚለው፣ ሰበታ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ስትሄዱ የኩሬያችሁን ስፋት፣ ጥልቀትና የጠዋት ሙቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ስታጓጉዙ ጫጩቶቹ ያሉበትን ፌስታል ወዲያው አትድፉት። ከነውኃው ኩሬው ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይንሳፈፍ፤ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ የኩሬውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፌስታሉ ጨምሩ፣ ቀስ ብለው ይውጡ።

ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውኃ የሚያወጡት ተርበው ነው?

አይደለም። አየር አጥሯቸው ነው። ይህንን አይቶ ዳቦ የሚፈረፍር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

ከፍታችን እዚህ ላይ ያስከፍለናል። በባሕር ጠረፍ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። 2,400 ሜትር ላይ ስንወጣ የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚቀንስ ያው ውኃ ወደ 7 ብቻ ይይዛል። ከቆላ የመጣ ሰው እንጦጦ ሲወጣ እንደሚያለከልከው ነው።

በዚህ ላይ አረንጓዴው፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የሚበቅለው አልጌ አለ። የእኛ ፀሐይ ጠንካራ ነች። ውኃው በጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ቀን ኦክስጅን ይሠራል። ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል፣ ይበላዋል። ስለዚህ ኦክስጅን ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓሣ ሲሞት ጠዋት ተገኘ የሚባለው ለዚህ ነው። ግማሹን ኩሬ በመረብ ወይም በሐረግ ማስጠለል አረንጓዴውን ይቀንሰዋል። ውኃውን ከታች ስቦ ከላይ የሚያፈስ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ ኦክስጅን ያስገባል። ውኃውን በጠጠር በርሜል ውስጥ ካሳለፋችሁት የባክቴሪያዎቹም ቤት ይሆናል። መብራት ሲጠፋስ? ዓሣ ካላበዛችሁ ያድራሉ። ካበዛችሁ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ በሌሊት፣ በነጠላ። አድርጌዋለሁ። ለፓምፑ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር በአዋቂ ይሠራ፤ መሬት ሲያገኝ ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ይኑረው።

ስንት ዓሣ? ያዋጣል?

ያለ ከባድ መሣሪያ በአንድ ሜትር ካሬ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓሣ። ስድስት ሜትር ካሬ ኩሬ ላይ ከ12 እስከ 18 ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ንግድ የለም። ለዐቢይ ጾም ጥቂት ቀን የቤት ምሳ፣ ከዚያ ውጭ ደስታ ነው። በአንድ ኩሬ «በሺህ የሚቆጠር ዓሣ» የሚሉት ሰዎች የሚያወሩት ያለማቋረጥ አየር ስለሚነፋበት፣ ውኃ ስለሚሞቅበትና ጄኔሬተር ስላለው ሥራ ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው።

መኖ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ ይሆናል። በአምስት ደቂቃ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ ስጡ። የተረፈው ወርዶ ይበሰብሳል፤ አሞኒያ ይሆናል። በብርድ ጠዋት አትመግቡ፤ ፀሐይ ውኃውን ካሞቀችው በኋላ ይሁን።

ትንኝ አያመጣም? ልጆችስ?

ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውኃ ነው። ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ እጮቹን ዓሣው ይለቅማቸዋል። ጎረቤት የሚቆጣው ኩሬው ሲሟሽ፣ ዓሣ ሳይኖርበት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ውኃው በየሳምንቱ ስለሚፈስ ብዙ አይራባም፤ ግን ለጎረቤት ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው።

ልጆችን በተመለከተ ቀልድ የለም። ሕፃን ለመስጠም ጉልበት የሚደርስ ውኃም ይበቃዋል። የመጀመሪያው ዓሣ ከመግባቱ በፊት አይደለም፤ የመጀመሪያው ጀሪካን ከመፍሰሱ በፊት መረብ ይወጠርበት ወይም አጥር ይዙርበት። መረቡ በፌሮ ፍሬም የተወጠረ፣ ሕፃን ቢወድቅበት የማይሰምጥ ይሁን። ድመቶችንና ረዣዥም እግር ያላቸውን ዓሣ ለቃሚ ወፎችም ይመልሳል።

በየትኛው ወር ልጀምር?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቆፍሩ። መሬቱ ከክረምት ጠጥቶ ለስልሷል፤ ጉድጓዱ ግን ውኃ አያቁርም። ኅዳር ኮንክሪቱ ሲጠነክር ያልፋል። ታኅሣሥ ይሟሻል። ጥር ላይ እርሾውና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓሣዎች ይገባሉ። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ውኃው ሞቅ ሲል ሌሎቹ ይከተላሉ። ብርዱም ያለፈው ባዶ ኩሬ ላይ ነው።

ጠጠሩን ከማን እንደምታመጡ ከወዲሁ አስቡ። ባለፈው ጥር የሰፈሬ ሰው አጥር አንኳኩቶ ባዶ ባልዲ ይዞ ቆመ። «እርሾ ልበደር» አለኝ። ከበርሜሌ ሥር ያለውን፣ ቡናማና ሙልጭልጭ የሚለውን ጠጠር በእጄ እያፈስኩ ሞላሁለት፤ እርጥብ ጆንያ አለበስኩትና እንዳይደርቅ ሮጥ እያለ ወሰደው።